የአርባ አምስቱ አፈ ታሪክ

ስለ ሽጉጥ በሚያወሩ ሰዎች መካከል አንድ እምነት ሥር ሰዷል፤ ከመደጋገሙ የተነሳ ማስረጃ የሚጠይቅበት ሰው ጠፍቷል። በተለምዶ «አርባ አምስት» የሚባለው፣ ወደ 11 ሚሊሜትር ተኩል ውፍረት ያለው አረር የሚተኩሰው የአሜሪካ ኮልት ሰው ይጥላል፤ ባለ 9 ሚሊሜትሩ ግን ይወጋል እንጂ አይጥልም ይባላል። አርባ አምስቱ ትከሻ ላይ እንኳ ቢያርፍ ባላጋራ ወደ ኋላ ተሽቀንጥሮ ይወድቃል፤ ያ አሮጌ ሽጉጥ ከመቶ ዓመት በላይ የተከበረውም በጥይቱ ነው ይላሉ። አሜሪካ ውስጥ ዒላማ ተኳሾች ዘንድ ይህ እንደ ሃይማኖት ነው። እኛም አገር ማካሮቭንና ስታርን የሚያወዳድር ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ስንት ሚሊሜትር ነው የሚለው ነው። እምነቱ ስህተት ነው። ስህተትነቱ ብቻውን ቢሆን ዝም ይባል ነበር፤ ነገር ግን ሽጉጥ የያዘ ሰው ሊያውቀው የሚገባውን ዋና ነገር ይጋርድበታል፤ ስለዚህ ዝም ሊባል አይገባም።

ታሪኩ የሚጀምረው ፊሊፒንስ ነው። አሜሪካ ደሴቶቹን ከስፔን ከተረከበች በኋላ፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ፣ ወታደሮቿ በደቡብ ከሚኖሩት ሙስሊም ሞሮዎች ጋር ገጠሙ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአሜሪካ መኮንን ያኔ የሚታጠቀው .38 ካሊበር ሪቮልቨር ነበር። ሞሮው ጎራዴውን መዝዞ ሲመጣ ይህ ሽጉጥ ደጋግሞ ቢመታውም አላቆመውም የሚል አቤቱታ በዛ። ጦሩም ከግምጃ ቤት አሮጌዎቹን አርባ አምስት ሪቮልቨሮች አውጥቶ ላከ። ከዚያ ወዲህ ታሪኩ በሦስት ቃል ይነገራል፦ ትንሹ ከሸፈ፣ ትልቁ መጣ፣ ችግሩ ተፈታ።

ከዚህ አጭር ታሪክ ተቆርጦ የቀረው ብዙ ነው። ሞሮውን ማቆም ያቃተው ያ ትንሽ ሽጉጥ ብቻ አልነበረም። በክራግ ጠመንጃ ተመትተው ወደ ፊት መጥተው ጎራዴያቸውን ያሳረፉ ተዋጊዎች እንደነበሩ የዚያው ዘመን ዘገባዎች ይናገራሉ፤ ክራግ ደግሞ ኃይሉ ከየትኛውም ሽጉጥ ጋር የማይነጻጸር የእግረኛ ጦር ጠመንጃ ነው። ለሞት የቆረጠ ሰው ቁስሉን ሳይቆጥር ይዋጋል። ይህን ለመረዳት ኢትዮጵያዊ አንባቢ ፊሊፒንስ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም፤ አድዋንና ማይጨውን ማስታወስ ይበቃዋል።

ጦሩ በ1904 ጉዳዩን እንዲያጠኑ ሁለት መኮንኖች መደበ፤ አንዱ የመሣሪያ ክፍሉ ጆን ቶምፕሰን፣ ሌላው ሐኪሙ ሉዊስ ላጋርድ። ቶምፕሰን ኋላ በስሙ የሚጠራውን መትረየስ ያስተዋወቀው ሰው ነው፤ እሱም አርባ አምስት ነው የሚተኩሰው። ሁለቱ ቺካጎ ከተማ ወደሚገኝ የከብት ማረጃ ሄደው በቁም ከብቶችና በአስከሬኖች ላይ ተኮሱ። አስከሬኑን አንጠልጥለው ጥይቱ ሲመታው ምን ያህል እንደሚወዛወዝ በዓይን ገመቱ። የከብቶቹ ቁጥር ጥቂት ነበር፤ ጥይቶቹ ያረፉባቸው ቦታዎችና የተኩሱ ፍጥነትም ከአንዱ ከብት ወደ ሌላው ይለያዩ ነበር። ዛሬ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እንዲህ ያለ ጥናት ይዞ ቢቀርብ መምህሩ ይመልሰዋል። የሆነ ሆኖ መደምደሚያቸው የወታደር ሽጉጥ ከአርባ አምስት ካሊበር ያነሰ መሆን የለበትም የሚል ሆነ፤ ዛሬም ድረስ የሚጠቀሰው ይህ ነው።

የማይጠቀሰው ደግሞ የዚያው ሪፖርት ሌላ ክፍል ነው። ሁለቱ መኮንኖች አብዛኛው የሰው አካል በሽጉጥ ቢመታ ባላጋራውን ወዲያው ያቆማል ተብሎ ተስፋ የማይጣልበት መሆኑን ጽፈዋል፤ ስለዚህም ሽጉጥ የሚታጠቅ ወታደር ዒላማ መምታትን ያለማቋረጥ መለማመድ አለበት ብለዋል። የአርባ አምስት አባቶች የሚባሉት ሰዎች ራሳቸው ውፍረቱ ብቻውን እንደማይበቃ በግልጽ አስቀምጠው ነበር። ተከታዮቻቸው የሪፖርቱን አንድ ዓረፍተ ነገር ወስደው ሌላውን ጣሉት። በዚህ ጉዳይ ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው የሽጉጥ ውድድርም ለእምነቱ አይመቸውም። ጦሩ አዲስ አውቶማቲክ ሽጉጥ ሲፈልግ ኮልት፣ ሳቬጅና የጀርመኑ ሉገር ሦስቱም በአርባ አምስት ቀረቡ። ሉገር ቶሎ ወጣ። በመጨረሻው ከባድ ፈተና በሁለት ቀን ውስጥ ከአንድ ሽጉጥ 6,000 ጥይት ተተኮሰ፤ ብረቱ ሲግል ውኃ ውስጥ እየነከሩ ቀጠሉ። የጆን ብራውኒንግ ሥራ የሆነው ኮልት አንድም ጊዜ ሳይነክስ ጨረሰ፤ ሳቬጅ 37 ጊዜ ተደናቀፈ። ኮልቱ መጋቢት 29 ቀን 1911 የጦሩ ሽጉጥ ሆነ፤ ስሙም ከዓመቱ ወጣለት። ጥይታቸው አንድ ነበር። ለጥይቱ ቢሆን ኖሮ ሳቬጅም እኩል በተዘመረለት። የ1911ን ስም ያቆመው የብራውኒንግ የአሠራር ጥበብ ነው፤ አርሞና አስተካክሎ ጭቃም ሙቀትም እንዳያቆመው አድርጎ የሠራው ሰው ውለታ ለእርሳስ ቁራጭ መሰጠቱ ግፍ ነው።

ሰው ይጥላል ለሚለው ሒሳቡ አጭር ነው። የአርባ አምስት አረር 15 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከአፈሙዝ ሲወጣ በሴኮንድ 250 ሜትር ያህል ይከንፋል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ውስጥ ገብቶ ሙሉ በሙሉ ቢቀር እንኳ የሚሰጠው ግፊት ሰውየውን በሴኮንድ ወደ 5 ሴንቲሜትር ብቻ የሚያንቀሳቅስ ነው። ሰው በዝግታ ሲራመድ በሴኮንድ ከአንድ ሜትር በላይ ይሄዳል። ሰውን አሽቀንጥሮ የሚጥል ሽጉጥ ቢኖር መጀመሪያ ተኳሹን ይጥለው ነበር፤ ወደ ፊት የሚሄደው ግፊት ወደ ኋላም እኩል ይመጣልና። በፊልም የምናየው ሰው የሚወድቀው ገመድ ስለሚጎትተው ነው። በጉልበትም ቢሆን ሁለቱ ጥይቶች ይቀራረባሉ፤ አርባ አምስቱ በክብደቱ፣ ዘጠኙ በፍጥነቱ ሁለቱም 480 ጁል አካባቢ ይደርሳሉ።

የውፍረት ወገኖች እዚህ ሲደርሱ ሌላ ክርክር ያነሳሉ፤ እሱም ከመጀመሪያው የተሻለ ነው። ትልቅ አረር ትልቅ ቀዳዳ ይከፍታል፣ ብዙ ደም ያፈስሳል ይላሉ። እውነት ነው፤ ሌላው ሁሉ እኩል ቢሆን ትልቁ ይሻላል። ግን ትርፉ ስንት ነው? በሁለቱ አረሮች ውፍረት መካከል ያለው ልዩነት 2 ሚሊሜትር ተኩል አይሞላም፤ በየጎኑ ሲካፈል አንድ ሚሊሜትር ከሩብ ያህል ነው። አሁን ይህን ከሌላ ሚሊሜትር ጋር እናስተያየው። በ1911 ላይ ከኋላው ማነጣጠሪያ እስከ ፊተኛው ያለው ርቀት 16 ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ ነው። ተኳሹ ምላጩን ሲስብ የፊተኛው ማነጣጠሪያ አንድ ሚሊሜትር ብቻ ወደ ጎን ቢያፈነግጥበት፣ አረሩ 25 ሜትር ላይ 15 ሴንቲሜትር ስቶ ያርፋል። እጅ ላይ የጠፋችው አንዲት ሚሊሜትር ዒላማው ላይ ከግማሽ ስንዝር የሚበልጥ ስህተት ሆነች። ሰዎች ግን ለአረሩ ሚሊሜትር ሲሟገቱ ያመሻሉ፤ የጣታቸውን ሚሊሜትር የሚያነሳ የለም።

ይህን ከማንም በፊት የተረዳው ራሱ የአሜሪካ ጦር ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወታደሮች በ1911 የሚፈለገውን ያህል አይመቱም ነበር። ጦሩ ጥይቱን አልነካም። ምላጩን አሳጠረ፤ ጣቱ አጭር የሆነ ወታደር እንዲደርስበት ከምላጩ ኋላ ያለውን ብረት በግራና በቀኝ ፈለፈለው። ወታደሩ ዝቅ አድርጎ ይመታ ስለነበር የእጀታውን ጀርባ ጎበጥ አደረገው። የአውራ ጣቱን ሥር መዶሻው እንዳይነክሰው ከላይ ያለውን ምላስ አስረዘመ፤ የፊተኛውን ማነጣጠሪያም አሰፋ። በ1926 ማሻሻያው የራሱ ስም ተሰጥቶት ጸደቀ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወደ ሁለት ሚሊዮን በሚጠጋ ብዛት የተሠራው ይህ የተሻሻለው ነው። በየቤታችን በልብስ ስፌት መኪናው የምናውቀው ሲንጀር ሳይቀር 500 ሠርቷል፤ ዛሬ ሰብሳቢዎች እነዚያን 500 በከባድ ዋጋ ይፈላለጓቸዋል። ከማሻሻያዎቹ አንዱም የአረሩን ውፍረት የሚመለከት አልነበረም። ሁሉም የእጅ፣ የጣትና የዓይን ጉዳይ ነው።

የ1911 ምላጭ ደግሞ ብቻውን ሊወራለት የሚገባ ነገር ነው። በብዙ ሽጉጦች ምላጩ በአንድ ችንካር ላይ ታጥፎ ወደ ኋላ ይወዛወዛል፤ ብራውኒንግ ግን ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ እንዲንሸራተት አደረገው። ጉዞው አጭር ነው፤ ሲለቅ ጥርት ብሎ ይለቃል። መዶሻው አስቀድሞ ስለተቀባበለ ጣት የሚሸከመው ሥራ ጥቂት ነው። ይህን ሽጉጥ በእጁ የሞከረና ከልቡ የተማረበት ሰው ለምን እንደሚወደው ሲጠየቅ ስለ ጥይት ሳይሆን ስለዚህ ምላጭ ቢያወራ እውነቱን ተናገረ።

ትልቁ ጥይት እዚህ ላይ ዕዳ ያመጣል። ሽጉጡ በተራገጠ ቁጥር አካል ይማራል፤ የሚማረው ግን መጥፎ ትምህርት ነው። ጀማሪ ጥቂት ጥይት ከተኮሰ በኋላ፣ ገና ሳይፈነዳ እጁ ቀድሞ ይደነብራል፤ ዓይኑ ይጨፈናል፤ አፈሙዙ ወደ ታች ይደፋል። መምህራን ይህን የሚያወጡበት መንገድ አላቸው፤ ተማሪው ሳያይ ከእውነተኞቹ ጥይቶች መካከል ባሩድ የሌለው መለማመጃ ጥይት ይቀላቅሉለታል። ምላጩን ሲስብ የሚፈነዳ ነገር ሳይኖር አፈሙዙ ወደ መሬት ሲዘልቅ ተማሪው ችግሩን በራሱ ዓይን ያየዋል። መድኃኒቱ በባዶ ሽጉጥ፣ ጥይት ከሌለበት ክፍል፣ አስተማማኝ አቅጣጫ እየጠቆሙ ምላጭ መሳብን መደጋገም ነው። አሰልቺ ነው፤ ጉራም አይነፋበትም። ሽጉጥ አሳምረው የሚተኩሱት ሁሉ ግን ያለፉበት መንገድ ነው።

በኦሃዮ ካምፕ ፔሪ በሚካሄደው የአሜሪካ ብሔራዊ ውድድር ተኳሾች ቆመው፣ በአንድ እጅ፣ 50 እና 25 ያርድ ላይ ያለን ዒላማ ይመታሉ። ከውድድሮቹ አንዱ የአርባ አምስት ነው። እነዚህ በአርባ አምስት ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰዎች ምን ዓይነት ጥይት ይጎርሳሉ? አረሩን ከ15 ወደ 12 ግራም አቅልለው፣ ባሩዱን ቀንሰው የለዘበ ጥይት ያዘጋጃሉ። ለማሸነፍ ሲሉ ያ የሚመለክበትን ኃይል በገዛ እጃቸው ይቀንሱታል።

የአርባ አምስት ታላቅ ሰባኪ የነበረው ጄፍ ኩፐር ራሱ በ1950ዎቹ ካሊፎርኒያ ቢግ ቤር ውስጥ ያዘጋጃቸው በነበሩ ውድድሮች ምን እንዳየ ማስታወስ ይጠቅማል። አብዛኛው ተወዳዳሪ ሽጉጡን ከወገቡ መዞ በአንድ እጁ ያርከፈክፍ ነበር። የሎስ አንጀለስ የሸሪፍ ምክትል የነበረው ጃክ ዊቨር ግን ሽጉጡን እስከ ዓይኑ ከፍ አድርጎ፣ በሁለት እጁ ይዞ፣ አነጣጥሮ ተኮሰና አሸነፈ። የያዘው .38 ሪቮልቨር ነበር። ኩፐር ይህን አይቶ አልካደም፤ አያያዙን ተቀብሎ በዊቨር ስም ለዓለም አስተማረው። ዛሬ ፖሊስና ወታደር ሽጉጥ በሁለት እጅ የሚይዘው ከዚያ ዘመን ትምህርት ተነስቶ ነው። የኩፐር ተከታዮች ከመምህራቸው የጥይት ፍቅሩን ወርሰው ይህን ትሕትናውን አለመውረሳቸው ያሳዝናል።

አልቪን ዮርክን የሚያነሱ ደግሞ አሉ። ጥቅምት 8 ቀን 1918 ፈረንሳይ ውስጥ አንድ የጀርመን መኮንንና አምስት ወታደሮች ሳንጃ ደግነው ሲሮጡበት፣ ዮርክ በአርባ አምስት ኮልቱ ሁሉንም ጣላቸው። ይኸው ምስክር ይላሉ። ዮርክ ግን በቴነሲ ተራሮች ያደገ፣ በዒላማ ተኩስ አገር ያወቀው አዳኝ ነበር። የፊተኞቹ ሲወድቁ አይተው የኋለኞቹ ቆመው እንዳይተኩሱበት ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ ፊት እንደመታቸው ራሱ ተናግሯል፤ በአገሩ ተርኪ የሚባሉትን የዱር ወፎች የሚያድንበት ዘዴ ነበር። ስድስት ሰው እየሮጠበት ቅደም ተከተል የሚመርጥ፣ እጁ የማይደነብር ሰው በየትኛውም ሽጉጥ ያስፈራል። እኛም አገር ጀግና የሚመሰገነው አልሞ ባለመሳቱ ነው፤ አባቶቻችን ውጅግራውንም ምንሽሩንም ቢያወድሱ፣ ከውዳሴው ሁሉ በላይ የሚያስቀምጡት ተኳሹን ነበር።

ጥይትን ለሁሉም ነገር ተጠያቂ ማድረግ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ያሳየው የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍቢአይ፣ ነው። ሚያዝያ 11 ቀን 1986 ማያሚ ውስጥ ስምንት የቢሮው ባልደረቦች ከሁለት ዘራፊዎች ጋር ተታኮሱ፤ ሁለት ባልደረቦች ሞቱ፣ አምስት ቆሰሉ። ከዘራፊዎቹ አንዱን ገና በጠዋቱ የመታው 9 ሚሊሜትር አረር ክንዱን አልፎ ደረቱ ቢገባም ልቡ ጋ ሳይደርስ ቆመ፤ ሰውየው ለረጅም ጊዜ መተኮሱን ቀጠለ። ቢሮው ጣቱን ወደ 9 ሚሊሜትሩ ቀሰረ። ወደ 10 ሚሊሜትር ተሻገረ፤ ለብዙ ባልደረቦቹ ከበደ። ከዚያም በ1990 የወጣውን .40 ካሊበር ተቀበለ። በ2010ዎቹ አጋማሽ ወደዚያው ወደ 9 ሚሊሜትር ተመለሰ። ምክንያቱን ሲያስረዳ የዘመኑ አረሮች በሥራቸው እንደሚቀራረቡ፣ ባልደረቦቹም በ9 ሚሊሜትር ፈጥነውና አነጣጥረው እንደሚመቱ ተናገረ። ሦስት አሥርት ዓመታት ያህል የፈጀ ዙሪያ ጥምጥም ነው። በማያሚ ውጊያውን የጨረሰው ደግሞ አንድ ክንዱ ክፉኛ የቆሰለ ባልደረባ ነበር፤ ዘራፊዎቹ ወደገቡበት መኪና ተጠግቶ በሪቮልቨር ተኮሰ። ሪቮልቨሩ ውስጥ የነበረው .38 ነው።

ይህ ሁሉ የታሪክ ወዳጆች ጭቅጭቅ ብቻ ቢመስል፣ ጉዳቱን ቤት ውስጥ እንየው። ስለ ውፍረት ብቻ የተማረ ሰው አሮጌ ሽጉጥ እጁ ሲገባ ስለ ሽጉጡ ጠባይ አያውቅም። እነዚህ መሣሪያዎች ደግሞ ጠባያቸው አንድ አይደለም። 1911 ካዝናው ወጥቶም ቢሆን፣ ጥይት ጎርሶ ከቀረ ይተኩሳል። ብራውኒንግ የጀመረው፣ እሱ በ1926 ሞቶ ዲውዶኔ ሴቭ በ1935 ለፍጻሜ ያበቃው ባለ 13 ጥይቱ ሃይ ፓወር ግን፣ ፈረንሳዮች በጠየቁት መሠረት፣ ካዝናው ሲወጣ ምላጩ አይሠራም። በሃይ ፓወር የለመደ እጅ 1911 ሲይዝ ምን ሊደርስ እንደሚችል አስቡት። የሶቪየቱ ቶካሬቭ በመጀመሪያ ሥሪቱ በእጅ የሚዘጋ መቆለፊያ የለውም፤ መዶሻው በግማሽ መንገድ ላይ መቆሙ ብቻ ነው መተማመኛው። ቀደምቶቹ 1911ዎች መርፌያቸውን የሚይዝ ማገጃ ስለሌላቸው፣ ጥይት እንደጎረሱ ከከፍታ በአፈሙዛቸው ቢወድቁ ሊተኩሱ ይችላሉ።

ከሁሉ የባሰው ማካሮቭና ዋልተር ፒፒ ናቸው። ማካሮቭ ከዋልተር ብዙ ነገር ወርሷል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ያልሠለጠነ ዓይን ያምታታሉ። መቆለፊያቸውም በአንድ ቦታ፣ በላይኛው ተንሸራታች ብረት በግራ በኩል ነው። ዋልተሩ ግን መቆለፊያው ወደ ታች ሲወርድ ይዘጋል፤ ማካሮቩ ወደ ላይ ሲወጣ። በአንዱ የተዘጋበት አቀማመጥ በሌላው የተከፈተበት ነው። ማካሮቭ ከሶቪየት ኅብረት ጋር በነበረው ዘመን አገራችን በብዛት የገባና ዛሬም በየእጁ ያለ ሽጉጥ ነው። ስለ 9 ሚሊሜትሩ የሚከራከሩት ሁሉ ይህን ያውቃሉ ብዬ አላምንም።

ሽጉጥን ባዶ የማድረግ ሥርዓትም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ አፈሙዙ ወደ አስተማማኝ አቅጣጫ፣ ጣት ከምላጭ ውጪ፤ ቀጥሎ ካዝናው ይወጣል፤ ከዚያ የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ይሳባል፤ ጥይት የሚጎርስበት ክፍል በዓይን ይታያል፣ በጣት ይዳሰሳል። ቅደም ተከተሉን አዛብቶ ብረቱን አስቀድሞ የሳበና ካዝናውን በኋላ ያወጣ ሰው፣ አንዱን ጥይት አውጥቶ ሌላውን አጉርሷል፤ ካዝናው በእጁ ስላለ ግን ባዶ አደረግሁ ብሎ ያምናል። በ1911፣ በማካሮቭም ሆነ በቶካሬቭ ያ ሽጉጥ ምላጩ ሲሳብ ይተኩሳል። አሮጌ ሽጉጥ ለልጁ የሚያወርስ አባት፣ የሚሸጥ ነጋዴ፣ ዘብ የሚያሠለጥን አለቃ መጀመሪያ ሊያሳየው የሚገባው ይህን ነው፤ ከዚያ መቆለፊያው ወዴት ሲዞር እንደሚዘጋ፣ ከዚያም ጣት ምላጭ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ። ስንት ሚሊሜትር ነው የሚለው ጥያቄ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ።